የኮሚኒቲያችን 264 ሺህ ዶላር የት ገባ? የካሊፎርኒያ ድርጅቶችን ሒሳብ ማየት ለሚፈልጉ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በካሊፎርኒያ የአንድ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ አባል ናቸው። ኮሚኒቲው ከሁለት ዓመት በፊት የመሰብሰቢያ አዳራሽ ገዝቷል። ሰሞኑን አንድ ሰው የድርጅቱን ፎርም 990 የመጀመሪያ ገጽ ስክሪንሾት አድርጎ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ገቢ 412,000 ዶላር፣ ወጪ 148,000 ዶላር ይላል። ከሥሩ «264 ሺው የት ገባ?» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ግሩፑ ሰላም አላገኘም። ቦርዱ «ኦዲት ተደርገናል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ዝም አለ። ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት ሦስት ነገር ነው። ይህን ወረቀት ማየት መብቴ ነው ወይ? ገንዘቡ ተበልቷል ማለት ነው ወይ? በስቴቱ ካሉ ሌሎች የሐበሻ ድርጅቶች ጋርስ ማወዳደር ይቻላል?

የድርጅቱን ስም ስላልጻፉልኝ ፎርሙን አላየሁትም። ስለዚህ «ተበልቷል» ወይም «አልተበላም» አልልም። ግን ፎርሙን ከፍተው ራስዎ እንዲያጣሩ የሚያስችል ነገር ልንገርዎት።

መብቱን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። ፎርም 990 ከፌዴራል ግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለአይአርኤስ፣ ማለትም ለአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት፣ የሚያስገቡት መግለጫ ነው። ሕጉ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ፎርሞች ለጠየቀ ሰው ሁሉ እንዲያሳዩ ያስገድዳቸዋል። አባል መሆን አያስፈልግም። ምክንያት ማቅረብም አይጠበቅብዎትም። ቢሯቸው ሄደው ከጠየቁ በዕለቱ፣ በጽሑፍ ከጠየቁ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። የኮፒ ማስከፈል ይችላሉ። ለማንኛውም መሄድም ላያስፈልግዎት ይችላል። አይአርኤስ ራሱ መፈለጊያ ገጽ አለው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ድርጅትም ፎርሞቹን በነጻ ያወጣል፤ ለማንበብ ከአይአርኤሱ ይቀላል። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው ስክሪንሾት ከአንዱ እንደመጣ እገምታለሁ። ሰውየው የሰረቀው ነገር የለም፤ ይህን ለቦርዱም መንገር ይቻላል።

ሲፈልጉ ግን በስም አይፈልጉ። የእኛ ድርጅቶች ስም ሕዝቡ የሚጠራው ሌላ፣ የተመዘገበው ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉም ሰው በሰው ይለያያል። ለግብር ብለው ያስቀመጡትን የመዋጮ ደረሰኝ ያውጡ። ኢአይኤን የሚባለው የድርጅቱ ባለ 9 አሃዝ የግብር መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል። በእሱ ከፈለጉ ሌላ ድርጅት ጋር አይምታታብዎትም።

አሁን ወደ 264 ሺው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ገቢና ወጪ ብቻ ነው። አዳራሽ መግዛት ግን በሒሳብ አያያዝ ወጪ አይባልም። ገንዘቡ ወደ ሕንፃ ተቀየረ እንጂ ከድርጅቱ እጅ አልወጣም። ስለዚህ ግዢው ወጪ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም፤ የሚገኘው ክፍል 10 ላይ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ውስጥ ነው። እዚያ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንዱ የዓመቱ መጀመሪያ፣ ሌላው የዓመቱ መጨረሻ።

በምሳሌ ቁጥር ላሳይዎት። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፤ የእናንተ ሌላ ይሆናሉ። በዓመቱ መጀመሪያ ባንክ ውስጥ 310,000 ዶላር ነበር እንበል። በመጨረሻው 96,000 ሆነ። ሕንፃ የሚለው መስመር ላይ መጀመሪያ ምንም የለም፤ መጨረሻ ላይ 1,150,000 አለ። የሞርጌጅ ዕዳ የሚለው ላይ መጀመሪያ ምንም የለም፤ መጨረሻ ላይ 672,000 አለ። እንግዲህ ሕንፃው 1,150,000 ጨመረ፣ ከዚያ ላይ ዕዳው 672,000 ይቀነሳል፣ ከባንክ የወጣው 214,000 ይቀነሳል። የሚቀረው 264,000 ነው። ገንዘቡ ግድግዳው ውስጥ ነው ማለት ነው።

የእናንተ ፎርም ላይ ሦስቱ መስመሮች እንዲህ ከገጠሙ የስክሪንሾቱ ጥያቄ ተመለሰ። ካልገጠሙ፣ ለምሳሌ ሕንፃው ተገዝቷል ተብሎ ሕንፃ የሚለው መስመር ባዶ ከሆነ፣ ያኔ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከገጠመም በኋላ አንድ ነገር እመክራለሁ። ፎርሙን የሞላው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ «ሕንፃ አለን» ያለው ራሱ ነው። የሕንፃውን ስም ዝውውር ግን ካውንቲው መዝግቦታል፤ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው። ካውንቲው የሰነዶች መዝገብ ቢሮ ሄደው በአድራሻው የባለቤትነት ሰነዱን ይዩ። መጀመሪያ የገዢው ስም ማን እንደሆነ። ድርጅቱ ነው ወይስ ግለሰብ? ቀጥሎ ሰነዱ ላይ የተጻፈውን የዝውውር ግብር። የካሊፎርኒያ ካውንቲዎች በየ1,000 ዶላሩ 1.10 ዶላር ያስከፍላሉ። ግብሩ 1,287 ዶላር ከሆነ ዋጋው 1,170,000 ነበር ማለት ነው። (ሎስ አንጀለስን የመሳሰሉ ከተሞች የራሳቸውን ግብር ይጨምሩበታል፤ የካውንቲውን ለይተው ያስሉ።) ከፎርሙ 1,150,000 ጋር ያለው የ20,000 ልዩነት የሕንፃው የእርጅና ቅናሽ ሊሆን ይችላል። እሱ ወጪ ውስጥ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል።

ሌላው ሁሌ ጠብ የሚያነሳው የእራት ግብዣ ሒሳብ ነው። እናንተም ጋ መቅረቱን እጠራጠራለሁ፤ አዳራሽ የገዛ ኮሚኒቲ እራት ሳያዘጋጅ አልገዛም። 300 ሰው በ100 ዶላር ትኬት ገዛ እንበል። 30,000 ዶላር ገባ። አዳራሽ፣ ምግብና ዘፋኝ 20,000 ወጣበት። ሁላችንም 10,000 ተረፈ እንላለን። ፎርሙ ግን እንዲህ አይጽፈውም። ሰውየው ለበላው እራት የሚገባው ዋጋ 40 ዶላር ከሆነ፣ መዋጮ የሚባለው የቀረው 60 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ 18,000ው መዋጮ ተብሎ ከላይ አንድ መስመር ላይ ይገባል። 12,000ው የዝግጅት ገቢ ተብሎ ሌላ መስመር ላይ ይገባል። ከዚህ ከ12,000ው ላይ 20,000ው ወጪ ይቀነሳል። ውጤቱ ከዜሮ በታች 8,000 ይሆናል።

ይህቺን መስመር ብቻ ቆርጦ «ግብዣው 8,000 ዶላር ከሰረ» ብሎ መለጠፍ በጣም ቀላል ነው። ፎርሙ አልዋሸም፤ 18,000ውን መዋጮ ከላይ ሄደው ሲያዩ 10,000ው ይገኛል። ግን ማን ወደ ላይ ሄዶ ያያል?

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከለየን በኋላ እውነተኛ ጥያቄ የሚያስነሱትን ቦታዎች ልጠቁም። ብዙ ሰው ደመወዝ ፍለጋ ክፍል 7ን ይከፍታል። የቦርድ አባላት ሁሉ ስማቸው አለ፤ ከጎናቸው ዜሮ ተጽፏል፤ ይዘጋዋል። እኔ መጀመሪያ የምከፍተው ክፍል 6ን ነው። እዚያ የቦርድ አባላት በዝምድና ወይም በንግድ የተሳሰሩ መሆን አለመሆናቸው ይጠየቃል። ከፍ ያለ የድርጅቱ ሀብት አላግባብ መዋሉ ወይም መሰረቁ በዓመቱ ተደርሶበት እንደሆነም ይጠየቃል። ዋሽንግተን ፖስት በ2013 ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ሲፈልግ «አዎ» ብለው የመለሱ ከ1,000 በላይ ድርጅቶች አግኝቷል። ሰው ራሱን በራሱ እዚያ ላይ ይጽፋል ወይ ትሉ ይሆናል። ይጽፋል።

እዚያው ክፍል 6 ላይ ፎርሙ ከመግባቱ በፊት ለሁሉም የቦርድ አባላት ቀርቦ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። «አዎ» ተብሎ ከተሞላ የሚያውቁትን አንድ የቦርድ አባል «አይተኸው ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ፊቱ ይነግርዎታል። የክፍሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሒሳብ መዛግብቱን የያዘው ሰው ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጻፋል። ግሩፑ ላይ ከመጮህ ለእሱ መደወል ይቀላል።

ወጪዎቹ ክፍል 9 ላይ ናቸው። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን አድርገው ይዩአቸው። የአንድ ዓመት ፎርም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኪራይ በአንድ ዓመት እጥፍ ከሆነ፣ ጉዞ የሚለው መስመር ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ካለ፣ እሱን ይዘው ይጠይቁ። ከታች «ሌሎች ወጪዎች» የሚል መስመር አለ። እዚያ ውስጥ ያልተዘረዘረው ቀሪ ከጠቅላላ ወጪው 10 በመቶ ካለፈ ሼጁል ኦ በሚባለው የፎርሙ አባሪ ላይ መዘርዘር አለበት። ካልተዘረዘረ ፎርሙን የሞላው ሰው ተቻኩሏል ወይም እንዲታይ አልፈለገም። በዚያው ክፍል ወጪው በሦስት ይከፈላል፤ ለዓላማው፣ ለአስተዳደር፣ ለገንዘብ ማሰባሰብ። «90 በመቶው ለዓላማው ውሏል» የሚል ቁጥር ብዙ አያስደስተኝም። በበጎ ፈቃደኛ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ክፍፍሉን የሚወስነው ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ፎርሙን የሚሞላው ገንዘብ ያዥ ነው። ሁሉንም የመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ካስገባው ድርጅቱ ቅዱስ ይመስላል።

የፌዴራሉን ፎርም፣ 990ን፣ የሚያመልጠው ትልቅ ነገር አለ፤ የቦርድ አባል ከራሱ ድርጅት ጋር ሲነግድ። ለዚህ ሼጁል ኤል የሚባል አባሪ አለ። ግን ገደብ አለው። የቦርድ አባሉ ሬስቶራንት ለበዓሉ የ6,000 ዶላር ምግብ ቢያቀርብ እዚያ ላይ ላይታይ ይችላል። የካሊፎርኒያ ነዋሪ መሆንዎ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

በካሊፎርኒያ የበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚቆጣጠረው ጠቅላይ አቃቤ ሕጉ ነው። በሥሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መዝገብ አለ። ድርጅቶች በየዓመቱ አርአርኤፍ-1 የሚባል ፎርም ያስገባሉ። መዝገቡ በኢንተርኔት ይፈለጋል፤ የገቡት ሰነዶች ተከፍተው ይነበባሉ። ብዙ ሰው 990ን ያውቃል፤ ይህን አያውቅም። በእኔ ግምት ለእርስዎ ጥያቄ ከ990 ይልቅ ይሄኛው ይጠቅማል። አጭር ነው። «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ በዓመቱ ውስጥ በድርጅቱና በማንኛውም ኃላፊው ወይም የቦርድ አባሉ መካከል፣ ወይም እነሱ ጥቅም ባላቸው ንግድ በኩል፣ ውል፣ ብድር፣ ኪራይ ወይም ሌላ የገንዘብ ግንኙነት ነበር ወይ ይላል። የዶላር ገደብ የለውም። የ6,000ው ምግብ እዚህ ጋ «አዎ» ያስብላል፤ ማብራሪያም አብሮ ይያያዛል። ሁለተኛው ስለ ስርቆትና ስለ ገንዘብ አላግባብ መጠቀም ነው። ስለ መንግሥት ድጎማ የሚጠይቅ አለ፤ ስለ ቶምቦላ የሚጠይቅም አለ። የሚፈርመው ሰው በሐሰት ቢፈርም በወንጀል እንደሚጠየቅ አውቆ ነው የሚፈርመው።

(ስለ ቶምቦላ ካነሳሁ አይቀር፤ በካሊፎርኒያ በበዓል ላይ «ትኬት ቁረጡ፣ ቴሌቪዥን ይወጣል» ለማለት ድርጅቱ አስቀድሞ በዚሁ መዝገብ መመዝገብ አለበት። ከሽያጩም ቢያንስ 90 በመቶው ለበጎ ዓላማው መዋል አለበት። ይህን የሚያውቅ የበዓል ኮሚቴ ብዙም አላጋጠመኝም።)

መዝገቡ ላይ የድርጅቱ ሁኔታም ይታያል። ጊዜውን የጠበቀ፣ ሪፖርት ያጓደለ፣ የታገደ፣ የተሰረዘ እያለ ይለያል። ሪፖርት ያጓደለ ድርጅት ገንዘብ ማሰባሰብ አይፈቀድለትም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ካሊፎርኒያ የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረኮችን የሚመለከት ሕግ አላት። በሕጉ መሠረት መዝገቡ ካልተስተካከለ ድርጅት ጋር መድረኮቹ መሥራት አይችሉም። ያም ሆኖ «አጓድሏል» የሚለውን ቃል ስላዩ ብቻ ሌባ ተገኘ አይበሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተራ ነው። ገንዘብ ያዡ ተቀይሯል፣ ደብዳቤው የድሮው ገንዘብ ያዥ ቤት ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ተኮርፎ አይከፍተውም።

አሁን «ኦዲት ተደርገናል» ወደሚለው እንምጣ። ይህ በሁለት ቦታ ይጣራል። በ990 ክፍል 12 ላይ ሒሳቡ በገለልተኛ ባለሙያ ኦዲት ተደርጎ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። በአርአርኤፍ-1 ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። ሁለቱም ላይ «አይ» ከተባለ ቦርዱ ግሩፑ ላይ የጻፈው ትክክል አይደለም። ምናልባት መዋሸት ፈልገው ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው ታክስ ሠሪው ፎርሙን ሲሞላለት ኦዲት የተደረገ ይመስለዋል። ታክስ ሠሪ የሰጡትን ቁጥር ይጽፋል። ኦዲተር ግን ለባንኩ ራሱ ይጽፋል፣ ደረሰኝ ያመሳክራል፣ ከዚያ አስተያየቱን ፈርሞ ይሰጣል።

የካሊፎርኒያ ሕግ ኦዲት የሚያስገድደው ከመንግሥት ድጎማ ውጪ ዓመታዊ ገቢያቸው 2 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። 412,000 ያለው ኮሚኒቲ አይገደድም። አለመደረጉ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ሌላ ነገርም ይላል። ሳይገደድ በፈቃዱ ኦዲት ያስደረገ የበጎ አድራጎት ድርጅት ኦዲት የተደረገውን ሒሳብ ልክ እንደ 990 ለሕዝብ ማሳየት አለበት። እንግዲህ «ኦዲት ተደርገናል» ያለ ቦርድ ሪፖርቱን ያሳያል። «አትረብሹን» ማለት አያዋጣም።

ከዚህ ያለፈ፣ ማለትም ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀትና የቦርድ ቃለ ጉባኤ ማየት ከፈለጉ፣ ያ የሕዝብ ሰነድ አይደለም። እዚህ ጋ አባልነትዎ ይመጣል። የካሊፎርኒያ የኮርፖሬሽን ሕግ ለአባል የሒሳብ መዛግብትንና ቃለ ጉባኤዎችን የማየት መብት ይሰጣል። ዓመታዊ ገቢው 25,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅት ደግሞ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በ120 ቀን ውስጥ የሒሳብ ሪፖርት ለአባላት መላክ አለበት። ግን ሕጉ አባል የሚለው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ቦርድ የመምረጥ ድምፅ ያለውን ሰው ነው። በየወሩ 20 ዶላር መክፈል ብቻውን አባል አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ ደንቡን ያንብቡ። ቦርዱ ራሱን በራሱ የሚመርጥ ከሆነ እርስዎ በሕግ ዓይን ደጋፊ ነዎት፤ የሚቀርዎት የሕዝብ ሰነዱ ነው።

ድምፅ ካለዎት ደብዳቤው አጭር ይሁን። ክስ አይመስል። እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፤

«ለኮሚኒቲው ቦርድ። የመምረጥ መብት ያለኝ አባል እንደመሆኔ፣ በካሊፎርኒያ የኮርፖሬሽን ሕግ ቁጥር 6333 መሠረት አዳራሹ የተገዛበትን ዓመት የሒሳብ መዛግብትና የቦርዱን ቃለ ጉባኤዎች ማየት እፈልጋለሁ። ዓላማዬ ግዢው በምን ገንዘብ እንደተፈጸመ ተረድቼ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አውቄ ድምፅ ለመስጠት ነው። የሚመቻችሁን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ አሳውቁኝ።»

ዓላማዎን መጻፍ እዚህ ጋ ያስፈልጋል። ሕጉ ከአባልነት ጥቅም ጋር የተያያዘ ምክንያት ይፈልጋል። «ሌቦችን ላጋልጥ ነው» ብለው ከጻፉ ለጠበቃቸው ሥራ ሰጡት።

ጠይቀው መልስ ካጡ ለጠቅላይ አቃቤ ሕጉ ቢሮ ሲቲ-9 በሚባል ፎርም፣ ለአይአርኤስ ደግሞ በፎርም 13909 ማመልከት ይቻላል። አቃቤ ሕጉ ገንዘብ ጠፋ፣ ለሌላ ዓላማ ዋለ ሲባል ይሰማል። እነ እገሌ ከእነ እገሌ ተጣሉ፣ ምርጫው ተጭበረበረ ለሚል ነገር ግን ብዙም ጊዜ የለውም። ስለዚህ የተጠራጠሩበትን መስመርና ቁጥር ይጻፉ እንጂ የአስር ዓመት ቂም አይዘርዝሩ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ማወዳደር ነበር። ይቻላል፤ ግን ማን እንደሚጎድል ማወቅ ያስፈልጋል።

አብያተ ክርስቲያናት 990 ማስገባት አይገደዱም። በካሊፎርኒያ መዝገብም የሃይማኖት ድርጅቶች ነጻ ናቸው። እንግዲህ በስቴቱ ካለው የሐበሻ መዋጮ ምን ያህሉ በቤተ ክርስቲያን በኩል እንደሚያልፍ ያስቡት። ያ ሁሉ በዚህ መረጃ ውስጥ የለም። ደብቀው አይደለም፤ ሕጉ አልጠየቃቸውም። እዚያ አባል ከሆኑ ሒሳቡን የሚጠይቁት በደብሩ ደንብና በሰበካ ጉባኤው በኩል ነው። ለአባላቱ ጥቅም ብቻ የተቋቋሙ ዕድሮችም ብዙ ጊዜ በአቃቤ ሕጉ መዝገብ ላይ አይገኙም። ዓመታዊ ገቢያቸው በአማካይ 50,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆኑት ደግሞ 990-ኤን የምትባል ፖስት ካርድ የምታህል ነገር ብቻ ይልካሉ። ስም፣ አድራሻ፣ «ገቢያችን ከ50,000 አይበልጥም»፣ አበቃ። ከዚያ በላይ ሆነው ገቢያቸው ከ200,000፣ ሀብታቸው ከ500,000 የማይደርሱት አጭሩን 990-ኢዚ መሙላት ይችላሉ። እናንተ በ412,000 ረጅሙ ፎርም ላይ ናችሁ።

ጥሬ መረጃውን ከፈለጉ አይአርኤስ ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶችን ዝርዝር በየስቴቱ ከፍሎ በነጻ ያወጣል፤ በየወሩም ያድሰዋል። የካሊፎርኒያውን አውርደው በኤክሴል ይክፈቱት። ትልቅ ፋይል ነው፤ ኮምፒውተርዎ ትንሽ ያቃስታል። ኢትዮጵያ፣ ሐበሻ፣ አቢሲኒያ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው በስም ዓምዱ ላይ ይፈልጉ። ስማቸው ላይ ኢትዮጵያ የሌለባቸው ያመልጡዎታል። እነሱን በሥራ ዘርፍ ኮድ መሞከር ይቻላል፤ ፒ84 የስደተኞችና የብሔረሰቦች ማእከላት ነው፣ ኤ23 ባህል ነው። ፋይሉ ላይ ያለው ከተማ የፖስታ አድራሻ ነው። ድርጅቱ የሚሠራበት ላይሆን ይችላል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ የሆነበት ጊዜ አለ።

ሙሉ ፎርሞቹንም ኮምፒውተር በሚያነባቸው መልክ ማግኘት ይቻላል። ይህ በቀላሉ አልመጣም። ካርል ማላሙድ የሚመራው ፐብሊክ ሪሶርስ የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት አይአርኤስን ከስሶ በ2015 ረትቷል። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተሞላው ፎርም ሁሉ ወደ ምስል ተቀይሮ ይሰጥ ነበር። አሁን ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ካለዎት የመቶ ድርጅቶችን የኪራይ ወጪ በአንድ ከሰዓት ሊያወጣልዎት ይችላል።

ሲያወዳድሩ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው ዓመቱ ነው። የ2022 ፎርም የሚባለው ከሐምሌ 2022 እስከ ሰኔ 2023 ያለውን ሊሸፍን ይችላል፤ የእያንዳንዱ ድርጅት የበጀት ዓመት ይለያያል። ፎርሙ የሚገባው ዓመቱ ካለቀ በአምስተኛው ወር፣ በ15ኛው ቀን ነው። ጊዜ ይጨመርልን ካሉ ደግሞ ሌላ ስድስት ወር ያገኛሉ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ እስኪወጣ ወራት አሉ። ዛሬ የሚያዩት ሒሳብ ሁለት ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል። «ዘንድሮ የሰበሰብነው እዚህ የለም» ብሎ መጮህ አያስፈልግም፤ ገና አልደረሰም።

ሁለተኛው ዜሮ ነው። በዚያ የስቴት ፋይል ውስጥ የብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ገቢና ሀብት ዜሮ ተብሎ ተቀምጧል። ፖስት ካርዷን ብቻ ስለሚልኩ ቁጥር አልሰጡም፤ ቦታው በዜሮ ተሞላ። እነሱን አብረው ደምረው አማካይ ካወጡ እናንተ በስቴቱ ካሉ የሐበሻ ድርጅቶች ሁሉ የበለጸጋችሁ ትመስላላችሁ፤ ግሩፑም እንደገና ይነሳል። ዜሮዎቹን ለይተው ያስቀምጡ። ገቢያቸው ወደ እናንተ የሚጠጋ፣ አዳራሽ ያላቸው አምስት ስድስት ድርጅቶች ይምረጡና የእነሱን ክፍል 9 እና ክፍል 10 ከእናንተ ጋር ጎን ለጎን ያድርጉ። የኢንሹራንስና የሕንፃ ጥገና ወጪያቸውን መጀመሪያ ይዩ። አዳራሽ ገዝቶ እነዚህ ሁለት ወጪዎች ላይ ምንም ያልጻፈ ድርጅት ካገኙ፣ ወይም ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው፣ ወይም ወጪው ሌላ መስመር ውስጥ ተደባልቋል።